የሲ ላስዓድ እራፊዎች

ላስዓድ ሥራ ይወድ ነበር ልል አንደበቴ እምቢ ይለኛል፤ ይጠላ ነበር ካልኩም እዋሻለሁ። እሱ የሚወደው ሥራው ያለ እሱ እንደማይንቀሳቀስ ከሰው አፍ መስማት ነበር። ለዚህ ሲል ዓመታት ለፋ። የዚያን ድካም ግማሹን ለሥራው አውሎት ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን የማወራበት ምክንያት ባልኖረኝ።

ነዚሃ እባላለሁ። ስፋክስ ከተማ፣ ግሬምዳ መንገድ ላይ፣ ከጥርስ ሐኪሙ በላይ ባለው ቢሮ የደንበኞችን ስልክ የማነሣው እኔ ነኝ። ድርጅታችን ትንሽ ነው። ለዘይት መጭመቂያዎች፣ ለክሊኒኮች፣ ለጠበቆችና ለውል አዋዋዮች የየራሳቸው ኢሜይል የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሰርቨር አዘጋጅተን እናስረክባለን። ባለቤቱ ሲ ረውፍ ይባላል (እኛ ዘንድ ለተከበረ ወንድ 'ሲ'፣ ለሴት 'ላላ' ይባላል)። ደግ ሰው ነው፤ ግን ጠብ ሲሸተው የመኪናውን ቁልፍ ፈልጎ የሚወጣ ዓይነት ደግ።

የኢሜይሉን ፕሮግራም የጻፍነው እኛ አይደለንም። ባሕር ማዶ ያሉ ጥቂት ሰዎች ይጽፉታል፤ ጥሬውንም ለማንም በነጻ ይለቁታል። ጥሬ ነገር ደግሞ እንዲሁ አይበላም። እኛው ማሽን ላይ መገጣጠም አለበት። ፖስታው የት ይቀመጥ፣ የትኛው ክፍል ይግባ፣ የትኛው ይቅር፣ በሩ ለማን ይከፈት የሚል የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮት ይመጣል። ይህን መመሪያ ለእኛ ደንበኞች እንዲስማማ እዚህ ጋ መቅደድ፣ እዚያ ጋ መጣፍ የላስዓድ ሥራ ነበር። ባለሙያዎቹ አንዱን መጣፊያ ፓች ይሉታል። እኔ እናቴ የአባቴን ሱሪ ጉልበት የምትጥፍበት ጨርቅ ትዝ ስለሚለኝ እራፊ እለዋለሁ። ላስዓድ ይህን ቃል ሲሰማ ፊቱ እንደ ሐሪሳ ድልህ ይቀላል፤ ስለዚህ ቃሉን አዘውትሬ እጠራዋለሁ።

ባለቤቶቹ አዲስ ቅጂ ባወጡ ቁጥር እራፊዎቹ ሁሉ እንደገና መለካት አለባቸው። ሱሪው ሲቀየር ጉልበቱም ቦታ ይቀይራላ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልክድም። አስተዋይ ሰው ግን እያንዳንዱ እራፊ ለምን እንደተጣፈ ከላዩ ላይ ይጽፍበታል፤ ለሌላውም የሚጠቅመውን ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ልኮ "ይህን እናንተው አስገቡት" ይላል። ከገባ በኋላ ማን ይጥፋል? ተገላገልክ ማለት ነው። ላስዓድ መገላገልን እንደ ሞት ይፈራ ነበር።

አንዱንም አልላከም። አንዱንም አላብራራም። ይባስ ብሎ የዓሣ ስም አወጣላቸው። ጠዋት ጠዋት ወደ ቢሮ ሲመጣ በባብ ጅብሊ ዓሣ ገበያ በኩል ያልፋል፤ የዚያን ቀን ዓይኑ ያረፈበት ዓሣ የዚያን ቀን እራፊ ስም ይሆናል። ቀርኒት፣ ሹቢያ፣ ወራታ፣ ቡሪ፣ ሰርዲን። "ቀርኒት ምንድነው የሚሠራው?" ብላችሁ ብትጠይቁት ቅንድቡን ሰቅሎ "እሱ ረጅም ታሪክ ነው" ይላል። ታሪኩን ግን ማናችንም ሰምተን አናውቅም።

አዲስ ቅጂ ሲመጣ ቲያትሩ ይጀምራል። ሲ ረውፍ በገዛ ቢሮው ውስጥ እንደ እንግዳ በሩ ላይ ይቆማል።

"ሲ ላስዓድ፣ አዲሱ መቼ ይደርስ ይሆን? ክሊኒኩ እየጠየቀ ነው።"

"ሰርዲን እምቢ ብሏል።"

"እምቢ አለ ማለት?"

"እምቢ አለ ነዋ! ሰዎቹ መስመሩን አዛውረውበታል። እኔ ምን ላድርግ፣ አስማተኛ ነኝ?"

"እሺ በቃ፣ አንተ ታውቃለህ። ቡና ላስመጣልህ?"

"ስኳሩ እንዳይበዛ።"

ይህ እንግዲህ ለቀናት ይቀጥላል። ክሊኒኩ እኔ ላይ ይጮኻል፤ እኔ ሲ ረውፍ ላይ እጮኻለሁ፤ ሲ ረውፍ ቁልፉን ፈልጎ ይወጣል። በመጨረሻ ላስዓድ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ወገቡን ይዞ፣ ልጅ እንዳዋለደች ሴት "አለቀ" ይላል። እኛም "እጅህ ይባረክ" እንላለን። ምን እናድርግ?

ቤቱ ደግሞ ከቢሮው ይብሳል። እናቱ ላላ ዘህራ፣ አይን በሚባለው መንገድ ላይ ያሉትን ጎረቤቶች ሁሉ ሰብስባ "የእኔ ልጅ ባይኖር በዚህ ከተማ ደብዳቤ ከቤት ቤት አይደርስም" ትላለች። አንድ ቀን አንዷ ጎረቤት ብድግ ብላ "ታዲያ ልጄ ከማርሴይ የላከችልኝ ዕቃ ክረምቱን ሙሉ የቆየብኝ በእሱ ነዋ!" አለቻት። ሁለቱ ሴቶች እስካሁን በሩቁ ነው ሰላም የሚባባሉት። ላስዓድ ይህን ሲሰማ እናቱን ያርማታል ብዬ ነበር። አላረማትም።

ኢንሳፍ የመጣችው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ኢንሳፍ የቀርቀና ደሴት ልጅ ነች፤ አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ በየሳምንቱ መጨረሻ በጀልባ ወደ ቤቷ ትሻገራለች። ቱኒስ ተምራ፣ እዚያው ጥቂት ሠርታ ነው የመጣችው። ሲ ረውፍ የቀጠራት ላስዓድን እንድታግዝ ነው። ላስዓድ ገና የመጀመሪያ ቀን ወንበሯን ወደ ማተሚያው ማሽን አጠገብ አስጠጋት፣ ማሽኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጆሮዋ ላይ እንዲያንጓጓ።

እሷ ግን አልተናደደችም። የእራፊዎቹን ስሞች አየች፣ ሳቀች።

"ሲ ላስዓድ፣ ይህ የኢሜይል ሥራ ነው ወይስ የዓሣ ሱቅ?"

"እያንዳንዱ የራሱ ትርጉም አለው።"

"እሺ፣ ወራታ ምንድነው ትርጉሙ?"

"እሱ ረጅም ታሪክ ነው።"

"እኔ ጊዜ አለኝ።"

"እኔ የለኝም።"

ኢንሳፍ ዞር ብላ እኔን አየችኝና "ነዚሃ፣ እኔ የቀርቀና ልጅ ነኝ፤ ዓሣ ሲበላሽ ከሩቅ ይሸተኛል" አለችኝ። ላስዓድ እንዲሰማ ጮክ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳት።

ጥቂት ቆይታ በቀጥታ ጠየቀችው፦ "ከእነዚህ ውስጥ ለፕሮግራሙ ባለቤቶች የላክኸው አለ?"

"ለምን እልካለሁ?"

"እንዲያስገቡልህ ነዋ። ከዚያ በኋላ አንተ አትደክምም።"

"አሃ! እኔ ልድከም፣ እነሱ ይብሉ? የእኔን ላብ?"

"ላብህን አይደለም የሚወስዱት፣ ሥራህን ነው የሚያቀልሉልህ። እነሱ የራሳቸውን ሥራ በነጻ ሰጥተውህ የለ?"

"ልጄ፣ አንቺ ገና ነሽ። በዚህ ዓለም ምሥጢሩን የሰጠ ሰው ወንበሩንም ይሰጣል።"

ያን ጊዜ ነው ሰውዬውን ከራሱ አፍ የሰማሁት። ሰው ወንበር ለመጠበቅ ሲል ዓመት ሙሉ በእራፊ ላይ እራፊ ይደርባል! ወንበሩ ደግሞ አንድ እግሩ የሚወላገድ፣ እናቱ የሰፋችለት ትራስ የተነጠፈበት ወንበር ነው።

ይህ እንዲህ እንዳለ ጉዱ መጣ። የፕሮግራሙ ባለቤቶች በድሮው ቅጂ ላይ ሌባ የሚያስገባ ቀዳዳ እንደተገኘበት፣ ሁሉም ሰው ወደ አዲሱ እንዲሻገር አስታወቁ። ከዚሁ ጋር የድሮውን የመገጣጠሚያ መመሪያ ጥለው በአዲስ ዘዴ ከሥሩ እንደጻፉት ነገሩን። ሱሪው አልተቀየረም፤ ሱሪ ቀርቶ ጀለቢያ ሆነ። የላስዓድ እራፊዎች ደግሞ የሱሪ ጉልበት ላይ የተለኩ ናቸው።

ላስዓድ ማስታወቂያውን ሲያነብ እዚያው ነበርኩ። ከንፈሩ ነጣ። ከዚያ "ሆን ብለው ነው" አለ።

"ማን?" አለች ኢንሳፍ።

"እነሱ ናቸዋ። እንደኛ ያለውን ሰው ሊያደክሙ።"

"ሲ ላስዓድ፣ መኖርህንም አያውቁም።"

ከዚህ የባሰ ስድብ ልትሰድበው አትችልም ነበር። እሷ ግን ለመስደብ አልነበረም፣ እውነቱን ነው ያለችው። ቀጥላም "ከባዶ እንጀምር። ያለ ምንም እራፊ እንገጣጥመውና የጎደለውን ብቻ እንይ" አለች።

"ቤቱን ከመሠረቱ አፍርሰሽ ነው መስኮት የምትጠግኚው?"

"መሠረቱ ሰርዲን ከሆነ፣ አዎ።"

ሲ ረውፍ ቁልፉን እየዳበሰ "ሲ ላስዓድ ልምድ አለው፣ እሱ ይሥራው" ብሎ ወጣ። ላስዓድም በሩን ዘግቶ ገባበት። ምን እንዳደረገ በኋላ ነው ያወቅነው። እራፊዎቹን አንድ በአንድ አዲሱ መመሪያ ላይ እያስጠጋ ሞከራቸው። በግድም ቢሆን የተለጠፈውን ለጠፈ፤ አልለጠፍ ያለውን ጣለ። ምን እንደነበረ ሳያይ ጣለ። ማየት ቢፈልግስ ምን ያያል? "ቡሪ" ብሎ ከጻፈው ስም ሌላ ምንም የለበትም። ዓሣ ገበያ ያየው ቡሪ ምን እንዳሳሰበው ከዓመታት በኋላ ማን ያስታውሳል?

አዲሱ ቅጂ ሐሙስ ለደንበኞች ሁሉ ተላከ። ላስዓድ ወገቡን ይዞ "አለቀ" አለ። ሲ ረውፍ ለሁላችንም ኬክ አመጣ። ኢንሳፍ ኬኩን በላች፣ ግን "ምን ምን ጣልክ?" ብላ ጠየቀች።

"የማያስፈልገውን።"

"የማያስፈልግ መሆኑን በምን አወቅክ?"

"ያለ እሱም ተገጣጠመ አይደል?"

ሰኞ ጠዋት ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ስልኩ መጮህ ጀመረ። አንዱን ሳነሣ ሌላው ይጮኻል። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ ከእኛ አድራሻ እኛ ያልጻፍነው ደብዳቤ ለዓለም ሁሉ እየሄደ ነው። ስልኩን ጆሮዬና ትከሻዬ መሐል ይዤ እየመለስኩ ሳለ በሩ ተከፈተና ውል አዋዋዩ ሲ ቡበከር ገቡ።

ሲ ቡበከርን የማያውቅ የስፋክስ ሰው የለም። የግማሹን ከተማ ጋብቻና ውርስ የጻፉ ሽማግሌ ናቸው። ቀይ ቆባቸው ወደ ጎን አዘንብሎ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አዘንብሏል። ፊቴ ቆመው በቀስታ ጀመሩ።

"ላላ ነዚሃ፣ ዕድሜዬን ታውቂዋለሽ?"

"ዕድሜ ይስጥዎ እንጂ ሲ ቡበከር፣ ምነው?"

"ዛሬ ጠዋት ለሚስቴ እህቷ ደወለችላት። 'ባልሽ ክኒን መሸጥ ጀመረ ወይ? የወንድ ክኒን!' አለቻት። 'ለመሆኑ ራሱ ሞክሮት ነው ወይ?' ብላም ጠየቀቻት።"

ምላሴን ነክሼ ያዝኩ።

"ለደንበኞቼ ሁሉ ሄዷል። ለፍርድ ቤቱ ሄዷል። አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ብዬ የማከብረው፣ መልሶ ጻፈልኝ። ምን አለኝ መሰለሽ? 'ወንድሜ ቡበከር፣ በእኛ ዕድሜ ልብ አይጎዳም ወይ?'"

ሲ ረውፍ ከውስጥ ብቅ አለና ይህችን ሲሰማ "መኪናዬን መንገድ ዘግቼ ነው ያቆምኩት" ብሎ ተፈተለከ። ላስዓድ ግን መውጫ አልነበረውም፤ ሲ ቡበከር በሩ ላይ ናቸው።

"የባለቤቶቹ ስህተት ነው" አለ ላስዓድ ገና ሳይጠየቅ። "አዲሱ ቅጂያቸው..."

"ቀርኒት ነው" አለች ኢንሳፍ ከማሽኗ ቀና ሳትል።

ሲ ቡበከር ዞሩ። "ማን ነው ቀርኒት?"

"እዚህ ውስጥ አለ፣ አሁን ነው ያየሁት። ቡሪ ስለወጣ ነው እንዲህ የሆነው።"

"እኔ ስለ ስሜ ነው የመጣሁት፣ እናንተ ስለ ምሳ ታወራላችሁ!" ሲሉ ጮኹ ሽማግሌው። ከታች የጥርስ ሐኪሙ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበው።

ኢንሳፍ ተነሥታ ወንበሯን ሰጠቻቸውና አስረዳቻቸው። ለእኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከዓመታት በፊት አንድ የዘይት መጭመቂያ ወረቀት እያነሣ በኢሜይል የሚልክ አሮጌ ማሽን ነበረው። ማሽኑ የይለፍ ቃል ማስገባት አያውቅም። ላስዓድ ለዚያ መጭመቂያ ብቻ፣ እዚያው እሱ ሰርቨር ላይ አንዲት ቃል ቢለውጥ ይበቃ ነበር። እሱ ግን መመሪያው ራሱ ላይ "ማንም ደብዳቤ ላኩልኝ ቢል ማነህ ሳትል ላክለት" የሚል እራፊ ጣፈ፤ ለደንበኞቻችን ሁሉ። ይህ ቀርኒት ነው። ወዲያው ሳይፈራ አልቀረም መሰለኝ፣ "ይህ ቸርነት ግን ከቢሮው ግቢ ውጭ ላለ ሰው አይሠራም" የሚል ሌላ እራፊ ደረበበት። እሱ ደግሞ ቡሪ ነው። ሁለቱ እንደ ሰካራም ወንድማማቾች ተደጋግፈው ሲሄዱ ኖሩ። ላስዓድ ሐሙስ ዕለት አንደኛውን ጎትቶ ጣለ፤ ሌላው በሩን ለዓለም ወሮበላ ሁሉ በርግዶ ቀረ።

ሲ ቡበከር ረጋ ብለው ሰሙ። ከዚያ ላስዓድን አዩት።

"ልጄ፣ ያወጣኸው ነገር ምን እንደሚሠራ ታውቅ ነበር?"

"እሱ... ረጅም ታሪክ ነው።"

"አሳጥርልኝ።"

የላስዓድ ዓይን ማሽኑ ላይ፣ ከዚያ ኢንሳፍ ላይ፣ ከዚያ እኔ ላይ ተንከራተተ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦ ሰውዬው ምሥጢር ደብቆን አልነበረም። ምሥጢሩን ራሱም አያውቀውም። ዓመታት ሙሉ ባዶ ሣጥን ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲዞር ኖሯል። ልቤ ራራ። ግን ብዙ አልቆየም፤ ላስዓድ አፉን ሲከፍት "ይህች ልጅ ከመጣች ጀምሮ ቀልቤን በትናብኝ ነው" አለ።

ሲ ቡበከር ተነሡ፣ ቆባቸውን አቃኑ። "እኔ ስፈርም የፈረምኩትን አነባለሁ" ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የኢንሳፍና የእኔ ነበሩ። እሷ የደንበኞችን በር እየዞረች ዘጋች። እኔ ደግሞ የደንበኞቻችንን ስም ከአጭበርባሪ መዝገብ እንዲያወጡልን የውጭ ድርጅቶችን ስለምን ሰነበትኩ፤ በዚያ መካከል ጠበቆቹ ወረቀታቸውን በሞተር ብስክሌት እያስላኩ ሠሩ። ላስዓድስ? ላስዓድ ተቀየመ! አጥፊው እሱ፣ የተቀየመውም እሱ። "ያለ እኔ ሳምንት አትቆዩም" ብሎ ጃኬቱን አንሥቶ ሄደ። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ይህ ነው።

ባብ ዲዋን አጠገብ ያለው ቡና ቤት አስተናጋጁ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ወሬው በትኩሱ ይደርሰኝ ነበር። ላስዓድ ከጠዋት ጀምሮ ካርታ ይጫወታል። ስልኩን ጠረጴዛው መሐል ፊቷን ወደ ላይ አድርጎ ያስቀምጣታል። ስትጮህ "ይኸው ጀመሩ!" ይልና ለጓደኞቹ ጣቱን ቀስሮ ዝም ያሰኛቸዋል። ከዚያ ያነሣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እሺ እማ፣ ዳቦ አመጣለሁ" ይላል። ሳምንቱ አለቀ። ሌላው ሳምንትም መጣ። ከቢሮ ማንም አልደወለም። ቸኩለን አልነበረም የረሳነው፣ ከልባችን ነው የረሳነው።

ኢንሳፍ እስከዚያ ድረስ እንዳለችው ከባዶ ጀምራ ነበር። ያለ አንድ እራፊ ገጣጥማ የጎደለውን ስታይ ጎደለ የሚባለው የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። የቀሩትን እራፊዎች አንድ በአንድ እየፈታች ታሳየኛለች። ይህኛው ባለቤቶቹ ራሳቸው ድሮ ያስተካከሉትን ነገር ነው የሚያስተካክለው። ያኛው የሌላውን እራፊ ቀዳዳ ነው የሚጥፈው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ አንዱ ያበራውን ሌላው ያጠፋል። እየሳቅን ስንፈታ አንዱ ጋ ስትደርስ ሳቋ ተቋረጠ።

"ምነው?"

"ሹቢያ።"

ሹቢያ የምትባለው እራፊ በዐረብኛ ፊደል የተሰየመ የደብዳቤ ማኅደር እንዳይበላሽ የምታደርግ ነበረች። የባለቤቶቹ መመሪያ በእኛ ዓይነት ማሽኖች ላይ ሲገጣጠም አንድ አስፈላጊ ክፍል ሳያስገባ ያልፋል፤ ስሞቹም የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ብዙ ሰው የሚማረርበት ነገር ነው። ላስዓድ ምክንያቱን አግኝቶ፣ በጥቂት መስመር፣ በሚያምር አሠራር ዘግቶታል። ከዚያ ስሟን ሹቢያ ብሎ ለዓመታት ቁጭ ብሎባታል።

ኢንሳፍ ለረጅም ጊዜ አፍጥጣ አየቻት። "ሰውዬው ደደብ አይደለም" አለች በንዴት። "ደደብ ቢሆን ይሻል ነበር።"

ለምን እንደተጣፈች አብራርታ ጻፈችና ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ላከችላቸው። የሠራው ሰው ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ የላስዓድን ስም አስገባች። የራሷን አላስገባችም። እኔ ብሆን የሁለቱንም ስም ትቼ "ቀርኒት" ብዬ እጽፍ ነበር። ባለቤቶቹ አንዲት መስመር አሻሽለው ተቀበሉት፣ አመሰገኑም። እንደ ወህራንና በስራ ካሉ ሩቅ የዐረብ ከተሞች "ስንት ዘመን በዚህ ስንሰቃይ ኖርን" የሚሉ ሰዎች ጻፉ።

ያን ቀን ለላስዓድ ደወልኩለት።

"ጀመራችሁ አይደል?" አለኝ ገና ሳያዳምጥ። ከጀርባው ካርታ ሲመታ ይሰማኛል።

"ምንም አልጀመርንም፤ ሥራው ደህና ነው። ሹቢያህን ሰዎቹ ተቀብለዋታል፣ በስምህ።"

የካርታው ምት ቆመ። "ለማንኛውም ትራሴን ልወስድ ነገ እመጣለሁ" አለኝ።

መጣ። ትራሱን ብብቱ ሥር ሸጎጠ፣ ግን አልወጣም፤ ኢንሳፍ ማሽን ጋ ሄዶ ቆመ። ስሙን አየ። መጀመሪያ "ያለ እኔ ፈቃድ!" አለ። ቀጥሎ "በትንሹ ነው የጻፉት" አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሥራውን አነበበ፣ እየተንተባተበ፣ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ።

"ይህችን ለምን ቀየሯት?"

"ካንተ ስላጠረች" አለች ኢንሳፍ።

ደግሞ አነበባት። "ትሻላለች" አለ ቀስ ብሎ። እንዲህ ያለ ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ራሱም የደነገጠ ይመስለኛል፣ ትራሱ ከብብቱ ወደቀ።

ሲ ረውፍ እንደ ጠፋ ልጅ አቅፎ መለሰው። መቼም ማባረር ጠብ ይጠይቃል፤ ሲ ረውፍ ደግሞ ጠብ አይችልም። ግን የእራፊውን ሥራ ለኢንሳፍ ሰጣት፤ ላስዓድ ከሥሯ ሆነ። ሕጓ አጭር ነው፦ ማብራሪያ የሌለው እራፊ አይገባም። ሲ ቡበከር ወደ እኛ አልተመለሱም። ውላቸውን ዛሬም በሞተረኛ ነው የሚልኩት፤ በበዓል ቀን ደውዬ ሰላም ስላቸው "ሞተረኛው ክኒን አይሸጥም" አሉኝ።

ላስዓድ ተለወጠ ብላችሁ እንዳታስቡ። ባለፈው ክረምት ቱኒስ ላይ የዚህ ሙያ ሰዎች ሲሰበሰቡ እንዲናገር ተጋብዞ ሄደ፤ እኔና ኢንሳፍም ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ሱፍ እየፈለፈልን አዳመጥነው። ርዕሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "ያለውን የማያካፍል ባለሙያ ሌባ ነው።" በአዲስ ኮት፣ በተሞላ ድምፅ፣ ሹቢያን እንዴት ለዓለም እንዳበረከታት ተናገረ። ቡሪ አልተነሣም፣ ቀርኒት አልተነሣም፣ ውል አዋዋይ የሚባል ፍጡርም አልተነሣም። አንድ ጎረምሳ እጁን አውጥቶ "ይህን ያህል ዓመት ለምን ሳይልኩት ቆዩ?" ብሎ ጠየቀው።

ላስዓድ መነጽሩን አወለቀ፣ አዳራሹን አየ። "ነገር እስኪበስል ነው" አለ። ሰዉ አጨበጨበለት።

"ተነሺና ንገሪያቸው እንጂ!" አልኳት ኢንሳፍን በክርኔ ጎሸም አድርጌ።

"ምን ብዬ? ይናገር ተይው። አንዱ ልጅ እንኳ ሰምቶት ያለውን ቢልክ ተጠቀምን" አለችኝና እፍኝ ሱፍ መዳፌ ላይ ዘረገፈችልኝ።

በማግስቱ ቢሮ ላስዓድ አዲስ እራፊ ይዞላት መጣ። ማብራሪያው እንደ ዓርብ ስብከት የተንዛዛ ነበር፤ የገዛ ልጅነቱን ሁሉ ከትቶበታል። ኢንሳፍ እስከ መጨረሻው አነበበችውና መለሰችለት። "አሳጥረው" አለችው። አጉረመረመ፣ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፣ መሰረዝም ጀመረ።